አሥራ ሰባት ዕንቁ፦ የውድ ሰዓቶች ብርቅ ቁሶች ምን ይሠራሉ?

በአባቶቻችን መሳቢያ ውስጥ ከሚገኙት አሮጌ የእጅ ሰዓቶች መካከል ብዙዎቹ በገጻቸው ላይ በደቃቅ የላቲን ፊደል የተጻፈ አንድ ቁጥር አላቸው፤ «17 ጁወልስ» ይላል። ጁወልስ ማለት ዕንቁዎች ማለት ነውና፣ ቃሉን የተረዳ ሁሉ በሰዓቱ ሆድ ውስጥ አንዳች ሀብት ተቀብሯል ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። እኛም በልጅነታችን እንዲህ ካሰቡት ወገን ነበርን። እውነቱ ግን ከግምታችን ይልቅ የሚያስገርም ሆኖ አገኘነው። በእርግጥም ዕንቁዎቹ ሩቢ ናቸው፤ ይሁን እንጂ አሥራ ሰባቱም ተሰብስበው ቢሸጡ የሚያወጡት ዋጋ ይህ ነው የሚባል አይደለም።

በሌላ በኩል ከሰማይ በወረደ ብረት፣ ከአንድ ወጥ ሳፋየር በተፈለፈለ ቀፎ ወይም ከወርቅና ከሴራሚክ በተዋሐደ ቁስ የተሠሩ ሰዓቶች በመቶ ሺሕዎች፣ አንዳንዴም በሚሊዮን በሚቆጠር ዶላር ይሸጣሉ። ከእነዚህ ቁሶች መካከል ሰዓቱ ጊዜውን በትክክል እንዲጠብቅ የሚያደርገው የትኛው ነው? ለዓይን ብቻ የተቀመጠውስ የትኛው? በዚህ ጽሑፍ ጥያቄውን በፊዚክስና በኬሚስትሪ ዓይን ለመመልከት እንሞክራለን። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይሏል።

ሩቢው ለምን ገባ?

በሞላ የሚሠራ ሰዓት ልብ ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዝ አንድ ትንሽ ጎማ ነው። በብዙዎቹ አሮጌ ሰዓቶች ውስጥ ይህ ጎማ በሰዓት 18,000፣ በቀን 432,000 ጊዜ ይመታል። ዘንጉ ከፀጉር ብዙም የማይወፍር ጫፍ ያለው ሲሆን፣ ይህ ጫፍ በነሐስ ቀዳዳ ውስጥ ቢሽከረከር ሰበቃው ቀዳዳውን እየበላ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሞላላ ያደርገዋል፤ ሰዓቱም ይዛባል። ስለዚህ ቀዳዳው በማይበላ፣ በሚለሰልስና ዘይቱን ይዞ በሚያቆይ ቁስ ውስጥ መሆን ነበረበት። ኒኮላ ፋሲዮ የተባለው የስዊስ የሒሳብ ሊቅ ከሁለት የደቦፍር ወንድማማች ሰዓት ሠሪዎች ጋር ሆኖ የተበሳ ሩቢን ለዚህ ሥራ ለማዋል በ1704 ለንደን ውስጥ የባለቤትነት መብት አወጣ። ሩቢ በሞስ የጥንካሬ መለኪያ 9ኛ ደረጃ ላይ የሚገኝ ነው፤ በዚያ መለኪያ ከእሱ በላይ ያለው አልማዝ ብቻ ነው።

በዚያ ዘመን ሩቢው ከመሬት ተቆፍሮ የሚወጣ ስለነበር በርግጥም ውድ ነበር። ነገሩን የለወጠው ኦገስት ቬርኔይ የተባለው ፈረንሳዊ ኬሚስት ነው። ሩቢ በኬሚስትሪ ዓይን ሲታይ ጥቂት ክሮሚየም የገባበት የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ክሪስታል ብቻ ነው። ቬርኔይ በ1902 ይፋ ባደረገው ዘዴ የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ዱቄት ከ2,000 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በሚነድ የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ነበልባል ውስጥ እየተንጠባጠበ ያልፍና ቀልጦ ከሥር እንደ ሻማ ጠብታ እየተደራረበ ክሪስታል ሆኖ ያድጋል። ምድር በረጅም ዘመን የምትሠራውን በሰዓታት ውስጥ ማግኘት ተቻለ። የአባቶቻችን ሰዓት ሩቢዎች የዚህ ነበልባል ልጆች ናቸው።

ቁጥሩስ ለምን 17 ሆነ? በእጅ በሚሞላ ቀላል ሰዓት ውስጥ ሰበቃ የሚበዛባቸው ቦታዎች ሲቆጠሩ 17 ስለሚሆኑ ነው። ከዚያ በላይ የሚጨመረው እንደ ቀን ማሳያና በራሱ የሚሞላ ክፍል ያለ ተጨማሪ ሥራ ሲኖር ነው። ነገር ግን ገዢው ቁጥርን ከጥራት ጋር ማያያዙን ያስተዋሉ አንዳንድ አምራቾች ምንም ሥራ የሌላቸውን ሩቢዎች በዙሪያው እየደረደሩ ባለ 100 ዕንቁ ሰዓት እስከመሸጥ ደረሱ! በ1974 የወጣ አንድ ዓለም አቀፍ የደረጃ መስፈርት ተግባር ያለውንና የሌለውን ዕንቁ ለይቶ በመተርጎም ለዚህ ዓይነቱ ቆጠራ ገደብ ለማበጀት ሞክሯል።

ሙቀት የሚያሸንፈው ሞላ

ከሰበቃ የባሰው የሰዓት ጠላት ሙቀት ነው። የሚወዛወዘውን ጎማ የሚመልሰው ፀጉር የመሰለ ጥምዝ ሞላ ነው። ሞላው ከተራ አረብ ብረት ሲሠራ፣ ሙቀት ሲጨምር ይለዝባል፤ የመመለስ ኃይሉ ስለሚቀንስም ጎማው በዝግታ ይወዛወዛል። ብዙ ሰው ጥፋቱ የሞላው መርዘም ይመስለዋል፤ ዋናው ምክንያት ግን የመለዘቡ ነገር ነው። የነሐስ ጎማና የአረብ ብረት ሞላ ያለው ሰዓት ሙቀቱ በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምር በቀን 11 ሰከንድ ያህል ወደኋላ ይቀራል። ከደብረ ብርሃን ብርድ ወርዶ አዋሽ ላይ የሰነበተ ሰው ሰዓቱ የ15 ዲግሪ ልዩነት ቢያገኘው በቀን ወደ ሦስት ደቂቃ ይጠጋል ማለት ነው።

ይህ ለቀጠሮ ምንም ላይሆን ይችላል። በባሕር ላይ ግን የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነበር። መርከበኛ በምሥራቅና በምዕራብ ያለበትን ቦታ የሚያውቀው የመነሻ ወደቡን ሰዓት ይዞ ከፀሐይ ሰዓት ጋር በማነጻጸር ነው። ምድር 360 ዲግሪ የምትዞረው በ24 ሰዓት ስለሆነ፣ በምድር ወገብ ላይ የ4 ሰከንድ ስሕተት አንድ የባሕር ማይል ወይም 1.85 ኪሎ ሜትር ያህል ያሳስታል። በአንድ ቀን የ11 ሰከንድ ዝንፈት መርከብን ከአለት ጋር ሊያጋጥም ይችላል።

መፍትሔውን ያመጣው ሰዓት ለመሥራት ያልተነሣ ሰው ነው። ሻርል ኤድዋር ጊዮም በስዊዘርላንድ በፍሉሪዬ ከሰዓት ሠሪ አባት የተወለደ ፊዚሲስት ሲሆን፣ የሚሠራው በፓሪስ አጠገብ በሴቭር በሚገኘው ዓለም አቀፍ የክብደትና የልኬት ቢሮ ውስጥ ነበር። የዘመኑ መለኪያ ሜትር የሚሠራው ከፕላቲነምና ከኢሪዲየም ነበርና በጣም ውድ ነበር። ጊዮም ርካሽ ምትክ ሲፈልግ በ1896 ወደ 36 በመቶ ኒኬል ያለበት የብረት ቅይጥ ሙቀት ሲጨምርበት እምብዛም እንደማይረዝም ደረሰበት። መርዘሙ ከተራ አረብ ብረት አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ነው። ስሙንም «የማይለወጥ» ከሚለው ቃል አሳጥሮ ኢንቫር አለው። ምሥጢሩ በማግኔታዊ ባሕርዩ ውስጥ ነው፦ ቅይጡ ሲሞቅ የአቶሞቹ ማግኔታዊ ሥርዓት እየላላ ሄዶ ቁሱን ሊያሳንሰው ይሞክራል፤ ሙቀቱ ደግሞ ሊያረዝመው ይሞክራል፤ ሁለቱ እርስ በርሳቸው ይጣፋሉ።

ጊዮም በዚህ አላበቃም። ክሮሚየም በመጨመር መርዘሙ ሳይሆን የመመለስ ኃይሉ በሙቀት የማይለወጥ ሌላ ቅይጥ፣ ኤሊንቫርን አገኘ። ለሰዓት ሞላ የተፈለገው ይህ ነበር። ሥራው በ1920 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት አስገኝቶለታል። ከአልበርት አንስታይን በአንድ ዓመት ቀድሞ መሆኑ ነው! ብረትና ኒኬል ርካሽ ናቸውና፣ እንዲህ ያለው ቅይጥ ለመርከብ ሰዓት ብቻ ሳይሆን ለሠራተኛው የእጅ ሰዓትም ደረሰ። ለትክክለኛነት ትልቁን ሥራ የሠራው ቁስ በየሰዓቱ ውስጥ ተደብቆ የሚኖር፣ ስሙን ገዢው የማያውቀው ግራጫ ሽቦ ሆኖ ቀረ።

ትክክለኛነት ርካሽ የሆነ ቀን

ታኅሣሥ 25 ቀን 1969 የጃፓኑ ሴይኮ አስትሮን የተባለውን የመጀመሪያውን ለገበያ የቀረበ የኳርትዝ የእጅ ሰዓት አወጣ። ዋጋው 450,000 የን፣ የአንድ ትንሽ አዲስ መኪና ያህል ነበር። በውስጡ ያለው የኳርትዝ ክሪስታል በኤሌክትሪክ ተገፍቶ በሰከንድ 8,192 ጊዜ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ስሕተቱ በወር 5 ሰከንድ ገደማ ብቻ ሆነ። ብዙም ሳይቆይ ይህ ትክክለኛነት በጥቂት ብር የሚገዛ ዕቃ ሆነ። በ1970 ወደ 90,000 የሚጠጉ ሠራተኞች የነበሩት የስዊዘርላንድ የሰዓት ኢንዱስትሪ በ1980ዎቹ አጋማሽ ከ30,000 ብዙም የማይበልጡ ብቻ ቀሩት።

እንግዲህ የዛሬውን የብርቅ ቁስ ገበያ ለመረዳት ይህን ዘመን መያዝ ያስፈልጋል ብለን እናምናለን። ውድ ሰዓት ከርካሹ የበለጠ በትክክል የማይቆጥር ከሆነ ዋጋውን በምን ያስረዳል? ኦድማር ፒጌ በ1972 ከብዙ የወርቅ ሰዓቶች የሚበልጥ ዋጋ ያለው የአረብ ብረት ሰዓት ሮያል ኦክን ሲያወጣ አንዱን መልስ ሰጠ፤ ዋጋው ከቁሱ ሳይሆን ከአሠራሩ መጣ። ሌሎች ደግሞ ወደ ቁሱ ዞሩ። የጃፓኑ ሲቲዝን በ1970 ቲታኒየምን፣ ራዶ በ1986 ሴራሚክን ለሰዓት ቀፎ አዋሉ። በ2012 ሪሻር ሚል ቀፎው በሙሉ ከሳፋየር ክሪስታል የተፈለፈለ ሰዓት ከ1.5 ሚሊዮን ዶላር በሚበልጥ ዋጋ አቀረበ። ሳፋየር ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ክሮሚየም የሌለበት አሉሚኒየም ኦክሳይድ፣ ማለትም የአባቶቻችን ሩቢ ወንድም ነው። ዋጋው የቁሱ ሳይሆን በአልማዝ መሣሪያ ብዙ ሰዓት የፈጀው የቅርጽ ሥራና የብርቅነቱ ነው።

በእሳትም በገንዘብም የማይሠራው ንድፍ

ከጌጥ ቁሶች ሁሉ ለሳይንስ ተማሪ የሚበልጠው በእኛ አስተያየት ሜትዮራይት፣ ማለትም ከሕዋ የወደቀው ብረት ነው። ሮሌክስ በ2021 ካወጣቸው የዴይቶና ሰዓቶች ውስጥ ገጻቸው በዚህ ቁስ የተሠሩ ነበሩ፤ ሌሎችም አምራቾች ይጠቀሙበታል። ገጹን ቀረብ ብሎ ያየ ሰው እርስ በርስ የሚቆራረጡ ቀጥ ያሉ ብርማ መስመሮችን ያገኛል። ማንም አልሣላቸውም።

ታሪኩ የሚጀምረው የፀሐይ ሥርዓት በተወለደበት፣ ከዛሬ 4.5 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። በዚያን ጊዜ አንዳንድ አስትሮይዶች ቀልጠው ከባዱ ብረትና ኒኬል ወደ መሐላቸው ሰጠመ። ቅልጡ ከጠጠረ በኋላም ቅዝቃዜው እጅግ በዝግታ ቀጠለ፤ በአንድ ሚሊዮን ዓመት ውስጥ የሚወርደው ሙቀት በመቶዎች፣ ቢበዛ በጥቂት ሺሕ ዲግሪ የሚቆጠር ነበር። የሙቀቱ መጠን ከ700 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲወርድ አንዱ ክሪስታል ሁለት መሆን ጀመረ፦ ኒኬል የሚያንስበት ካማሳይትና ኒኬል የሚበዛበት ቴናይት። ካማሳይቱ እንደ ስስ ሰሌዳ የሚያድገው በክሪስታሉ ውስጥ በተወሰኑ አቅጣጫዎች ብቻ ነው፤ መስመሮቹ በዘፈቀደ ሳይሆን በተወሰነ ማዕዘን የሚቆራረጡት ስለዚህ ነው። ሰሌዳው እንዲያድግ ግን የኒኬል አቶሞች በጠጣር ብረት ውስጥ አንድ በአንድ እየዘለሉ ቦታ መልቀቅ አለባቸው። ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ የማይሞላ ውፍረት ለማግኘት የሺሕዎችና የሚሊዮን ዓመታት ትዕግሥት ይጠይቃል።

ይህ ንድፍ በቪየና በ1808 ባየው በአሎይስ ፎን ቪድማንሽቴተን ስም ይጠራል። ዛሬም የሰዓት ገጽ ሠሪው የሚያደርገው እሱ ካያቸው ነገሮች ብዙም አይርቅም፦ ብረቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ባነሰ ውፍረት ይሰነጠቃል፣ ይለሰልሳል፣ ከዚያም በአሲድ ይታጠባል። አሲዱ ኒኬል ያነሰበትን ክፍል ፈጥኖ ስለሚበላው መስመሮቹ ብቅ ይላሉ። አስመሳዮች በተራ ብረት ላይ ንድፉን ሊያትሙ ይችላሉ፤ ሆኖም ማተም የሚቻለው ላዩን ብቻ ነው። እውነተኛው መስመር በቁሱ ውፍረት ሁሉ ይዘልቃል።

ለሰዓት ገጽ ከሚውሉት የታወቀው በናሚቢያ የወደቀው የጊቤዎን ሜትዮራይት ነው። ስብርባሪው ተበትኖ የሚገኘው 275 በ100 ኪሎ ሜትር በሚሆን ሥፍራ ላይ ነው። የአካባቢው የናማ ሕዝብ አውሮፓውያን ሳይደርሱ በፊት ከዚህ ብረት መሣሪያ ይሠራ ነበር። ካፒቴን አሌክሳንደር ናሙና ወደ ለንደን ሲልክ፣ የሥነ ፈለክ ሊቁ ጆን ኸርሼል ብረቱ ከሰማይ መምጣቱን አረጋገጠ። ዛሬ ሜትዮራይቱ በናሚቢያ ሕግ የተጠበቀ ቅርስ ሲሆን፣ 30 ያህል ትልልቅ ቁራጮች በዋና ከተማዋ በቪንድሁክ አደባባይ ለሕዝብ ቆመዋል። በገበያ የሚዞረው ከአገር የወጣ ነው፤ የሰዓቱ ባለቤት ይህን ጥያቄ ራሱን ቢጠይቅ አይከፋም። የአፍሪካ ግንኙነት በዚህ አያበቃም፤ በ2016 የታተመ ጥናት የግብፁ ቱታንክሃሙን የብረት ጩቤ ወደ 11 በመቶ የሚጠጋ ኒኬል ያለበት በመሆኑ ከሜትዮራይት የተሠራ መሆኑን አሳይቷል።

ለጊዜ አቆጣጠሩ ግን ይህ ሁሉ አንዳች አይጨምርም። እንዲያውም ብረት ስለሆነ ይዝጋል፤ መከላከያ ሽፋን ካልተደረገለት የ4.5 ቢሊዮን ዓመቱ ቅርስ በላብ ሊበላ ይችላል።

የወርቅ ሒሳብና የቀንጢቻ ድንጋይ

ወርቅ ለስላሳ ነው፤ በቀላሉ ይጫራል። ኡብሎ ከሎዛን የፌዴራል የቴክኖሎጂ ተቋም ጋር ሆኖ በ2011 ማጂክ ጎልድ የተባለ ቁስ አወጣ። ከአልማዝ ጥንካሬ ብዙም ከማይርቀው ቦሮን ካርባይድ ቀዳዳ የበዛበት ሴራሚክ ይሠራና፣ በከፍተኛ ግፊት ቀልጦ የተገፋ ወርቅ ቀዳዳዎቹን ይሞላል። ውጤቱ በጭረት የማይበገር ነው፤ በሕግም ባለ 18 ካራት ወርቅ ነው። እዚህ ላይ ተማሪዎች እርሳስ እንዲያነሡ እንጋብዛለን። 18 ካራት ማለት ከመጠነ ቁሱ 75 በመቶ ወርቅ ማለት ነው፤ የይዘት ጉዳይ አይደለም። የወርቅ እፍግታ 19.3፣ የቦሮን ካርባይድ 2.5 ግራም በሴንቲ ሜትር ኩብ ነው። 75 ግራም ወርቅ 3.9፣ 25 ግራም ሴራሚክ 10 ሴንቲ ሜትር ኩብ ያህል ቦታ ይይዛሉ። ስለዚህ ከቁሱ ይዘት ወርቅ የሆነው 28 በመቶ ገደማ ብቻ ነው! ማታለል የለበትም፤ ትርጉሙ በመጠነ ቁስ ስለተቀመጠ ነው።

ታንታለም ደግሞ ለእኛ ቀረብ ያለ ነው። ፍራንሷ ፖል ዡርን በ2009 ያወጣው ሰማያዊ ክሮኖሜትር ቀፎው ከዚህ ጠቆር ያለ ብረታ ብረት ነው። እፍግታው 16.6 ሲሆን የሚቀልጠው ከ3,000 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ነው፤ ለመቅረጽ አስቸጋሪ ስለሆነ የመቁረጫ መሣሪያ ቶሎ ይበላል። ሆኖም ጥሬው ታንታለም ከወርቅ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ርካሽ ነው። ዋናው ገበያውም ሰዓት ሳይሆን በሞባይል ስልክና በኮምፒውተር ውስጥ የሚገኘው ካፓሲተር ነው። በኦሮሚያ ጉጂ የሚገኘው ቀንጢቻ የዚህን ንጥረ ነገር ማዕድን፣ ታንታላይትን ሲያመርት ከነበሩት ሥፍራዎች አንዱ ነው፤ ከዚያ የሚወጣው ወደ ውጭ ይላክ የነበረው ግን ብረታ ብረቱ ሆኖ ሳይሆን የተጣራ ማዕድን ሆኖ ነው።

የሚያበራው ገዳይ

በሰዓት ታሪክ ከገቡት ብርቅ ቁሶች ሁሉ ያለማጋነን አደገኛው ሬዲየም ነበር። በ1921 አሜሪካውያን ሴቶች ለማሪ ኩሪ የሰጧት አንድ ግራም ሬዲየም 100,000 ዶላር ወጥቶበታል። ለአንድ ሰዓት የሚያስፈልገው ግን ከማይክሮ ግራም ብዙም አይርቅምና፣ ከዚንክ ሰልፋይድ ጋር ተደባልቆ በጨለማ የሚያበራ ቁጥር ለመጻፍ ዋለ። በኒው ጀርሲ ኦሬንጅ ከተማ ፋብሪካ የተቀጠሩ ወጣት ሴቶች ብሩሹን ለማሾል በከንፈራቸው እንዲያስተካክሉት ተነግሯቸው ነበር። ሬዲየም በኬሚስትሪ ባሕርዩ ካልሲየምን ስለሚመስል ሰውነት አጥንት ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ መንጋጋቸው በሰበሰ፣ አጥንታቸው ተሰበረ፣ ብዙዎችም ሞቱ። አምስቱ ሴቶች ያቀረቡት ክስ በ1928 በስምምነት ተቋጨ፤ የሠራተኛ ደኅንነት ሕግ ታሪክ ሲነገር ይህ ጉዳይ ዘወትር ይነሣል።

የሬዲየም ግማሽ ዕድሜ 1,600 ዓመት ነው። አሮጌ ሰዓት ማብራት ቢያቆም ዚንክ ሰልፋይዱ ስለተጎዳ እንጂ ሬዲየሙ ስላለቀ አይደለም። ስለዚህ ከ1960ዎቹ በፊት የተሠራና ቢጫ ወይም ቡናማ የቁጥር ቀለም ያለውን ሰዓት ለሙከራም ቢሆን አትክፈቱ፤ ቀለሙንም አትፋቁ። ከ1993 በኋላ ቦታውን የያዘው በጃፓን የተገኘው ስትሮንሺየም አሉሚኔት ጨረር የለውም፤ ቀን የዋጠውን ብርሃን ሌሊት ይመልሳል።

ከአሸዋ የተሠራው ሞላ

ጊዮም ከሞተ ከስድሳ ዓመታት በኋላ ተቀናቃኙ መጣ። ዩሊስ ናርዳን በ2001 ባወጣው ፍሪክ በተባለ ሰዓት ውስጥ ሲሊከን የተሠሩ ጎማዎች ገቡ፤ በ2006 ፓቴክ ፊሊፕ ከሲሊከን የተሠራ ጥምዝ ሞላ አቀረበ። ሲሊከን ከምድር ቅርፊት ንጥረ ነገሮች በብዛት ሁለተኛ ነው፤ ከተራ አሸዋ ይወጣል። ክብደቱ ከአረብ ብረት አንድ ሦስተኛ ያህል ሲሆን፣ ማግኔት ስለማይነካው ለዘመናችን የስልክና የድምፅ ማጉያ ማግኔት ሁነኛ መድኃኒት ሆኗል። እሱም ሲሞቅ ይለዝባል፤ መሐንዲሶቹ ግን በስስ የሲሊከን ዳይኦክሳይድ ሽፋን ሸፈኑት። ሽፋኑ ሲሞቅ በተቃራኒው ይጠነክራልና ሁለቱ ይጣፋሉ፤ ጊዮም በኢንቫር ያየው ዓይነት መጣፋት በሌላ መንገድ ተመለሰ። ቅርጹ የሚወጣው እንደ ኮምፒውተር ቺፕ በፕላዝማ ስለሆነ በብዛት ይመረታል፤ ዛሬ በመካከለኛ ዋጋ በሚሸጡ ሰዓቶችም ውስጥ ይገኛል።

አንድ ጉድለት አለው፤ አይታጠፍም፣ ይሰበራል። የኤሊንቫር ሞላ ቢጣመም በመንገድ ዳር አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ አድርጎ የተቀመጠ ሰዓት ሠሪ በወረንጦ ሊያቃናው ይችላል። የሲሊከኑን ግን ማንም አያቃናውም፤ ምትኩ ከፋብሪካው እስኪመጣ ድረስ ሰዓቱ ቆሞ ይጠብቃል።